ስንት ዙር ይበቃል? ጡንቻ ማሳደግ ለሚሻ ተራ ሰው የሚሰጠው ምክር ሲመዘን

አንድ ጀማሪ ጂም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት እርስ በርሱ የሚጣረስ ምክር ይጎርፍለታል። አንዱ ከባድ ብረት ካላነሳህ ጡንቻ አታበቅልም ይለዋል፤ ሌላው ቀለል አድርገህ ብዙ ደጋግም ይለዋል። አንዱ ደረትን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ግን ክንድ እስኪንቀጠቀጥ መሥራት ነው ሲል፣ ሌላው መላ ሰውነትን በየሁለት ቀኑ ይላል። ከስፖርቱ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፕሮቲን ካልጠጣህ ድካምህ ከንቱ ነው የሚልም አይጠፋም። ምክር ሰጪዎቹ አብዛኞቹ ቅኖች ናቸው፤ የእያንዳንዳቸውም ሰውነት ይመሰክርላቸዋል። ነገር ግን ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ሄደው ከደረሱ፣ ከዚህ መማር ያለብን መንገዱ አንድ ብቻ አለመሆኑን ነው። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ለውድድር የሚዘጋጀውን ሰው አይደለም። ሥራና ቤተሰብ ያለው፣ በሳምንት ከሦስት ሰዓት በላይ ለጂም መስጠት የሚከብደው፣ ሆኖም ጡንቻው ጎልብቶ ማየት የሚፈልግ ሰው ምን ሊባል ይገባል? የኔ መልስ፣ ማስረጃው የሚደግፈው ምክር በጣም አጭር ነው የሚል ነው። ለድርድር የማይቀርቡት ነገሮች አራት ናቸው፦ እያንዳንዱን ዙር አቅም ሊያልቅ እስኪቃረብ መሥራት፣ ለእያንዳንዱ ጡንቻ በሳምንት በቂ ዙር ማድረስ፣ ጭነቱን ቀስ በቀስ መጨመርና በቂ ምግብ እየበሉ ለዓመታት መቀጠል። የቀረው በአብዛኛው የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ምርጫውን ሕግ አድርጎ የሚያቀርብ መካሪም ከሚጠቅመው የሚጎዳው ይበልጣል።

የዘመናዊው ምክር ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከማሳጠር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በቺካጎ ጋርዲነር ጠቅላላ ሆስፒታል ያገለግል የነበረው የአሜሪካ ጦር ሐኪም ቶማስ ዴሎርም፣ ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮችን እንደ ጊዜው ልማድ በቀላል እንቅስቃሴ ከማስታመም ይልቅ ከባድ ክብደት እያስነሳ ማዳን ጀመረ፤ ውጤቱንም በ1945 አሳተመ። የመጀመሪያው ዕቅዱ በአንድ ጊዜ ከ70 እስከ 100 ድግግሞሽ የሚያሠራ ነበር፤ አሥር አሥር ድግግሞሽ ያለው ከሰባት እስከ አሥር ዙር መሆኑ ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን ከአርተር ዋትኪንስ ጋር ሆኖ ያ ሁሉ እንደማያስፈልግ ጻፈ፤ ዕቅዱንም ወደ ሦስት ዙር አወረደው። ዛሬ በየጂሙ የሚሰማው “አሥር አሥሩን ሦስት ጊዜ” የሚለው ትእዛዝ የዚያ እርማት ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የምክሩ ባለቤትነት ከሐኪሞች እጅ ወጥቶ ወደ ሰውነት ግንባታ ሻምፒዮኖች ዞረ። በ1970ዎቹ አርኖልድ ሽዋርዘኔገርና ጓደኞቹ በቀን ለሰዓታት፣ ለአንድ ጡንቻ ብዙ ዙር እየሠሩ ይታዩ ነበር፤ በዚያው ዘመን የናውቲለስ ማሽኖች ፈጣሪ አርተር ጆንስ አንድ ዙር ብቻ፣ ግን አቅም ጨርሶ እስኪያልቅ ከተሠራ ይበቃል ብሎ ይከራከር ነበር። ሁለቱም ወገን ደንዳና ሰዎችን በማስረጃነት ያቀርብ ነበር። በሁለቱ መካከል የሚዳኝ፣ ሰዎችን በዕጣ መድቦ ጡንቻቸውን በመሣሪያ የሚለካ ጥናት በብዛት የመጣው ግን ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ነው።

ከእነዚህ ጥናቶች የመጀመሪያውን ትልቅ ድንጋጤ የፈጠረው የክብደቱ ጉዳይ ነው። ለረጅም ጊዜ ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ የጡንቻ ማሳደጊያ፣ ከዚያ በታች የጉልበት፣ ከዚያ በላይ የብርታት ተብሎ ይከፋፈል ነበር። በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የስቱዋርት ፊሊፕስ የምርምር ቡድን በ2012 ባወጣው ጥናት፣ ወጣት ወንዶች አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሱት ከሚችሉት ክብደት 30 በመቶውን ወይም 80 በመቶውን ይዘው እግራቸውን ለአሥር ሳምንት አሠሩ፤ ዙሩ አቅም እስኪያልቅ ድረስ እስከተሠራ ድረስ የጭን ጡንቻቸው እድገት ተመሳሳይ ሆነ። እነዚህ ጀማሪዎች ናቸው የሚለውን ተቃውሞ ለመመለስ ይኸው ቡድን በ2016 ልምድ ያላቸውን 49 ወንዶች ለ12 ሳምንት ፈተነ፤ ከ20 እስከ 25 የደጋገሙትና ከ8 እስከ 12 የደጋገሙት በጡንቻ እድገት አልተለያዩም። በ2017 ብራድ ሾንፌልድና ባልደረቦቹ 21 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመዝኑም ድምዳሜው ያው ነበር፤ ልዩነት የታየው በጉልበት ነው፤ ከባድ የሚያነሱ ሰዎች ከባድ ማንሳትን ይበልጥ ይለምዳሉ። ምክንያቱ ሰውነት ጡንቻን ከሚያዝበት ሥርዓት ጋር ይገናኛል። ነርቮች መጀመሪያ የሚጠሩት ትንንሾቹንና ቶሎ የማይደክሙትን የጡንቻ ክሮች ነው፤ ትልልቆቹ የሚጠሩት ክብደቱ ሲበዛ ወይም የመጀመሪያዎቹ ሲደክሙ ነው። ስለዚህ ከባዱ ብረት ከመጀመሪያው ድግግሞሽ ጀምሮ፣ ቀላሉ ደግሞ በዙሩ መጨረሻ ላይ አብዛኞቹን ክሮች ጫና ውስጥ ያስገባቸዋል። በተግባር ከ5 እስከ 30 ያለው ድግግሞሽ ሁሉ ያገለግላል ማለት ነው። ሆኖም 30 ጊዜ ስኳት መሥራት ትንፋሽን ስለሚያሳጥርና ጊዜ ስለሚፈጅ፣ ከ6 እስከ 15 ባለው ውስጥ መቆየት ለብዙ ሰው ይመቻል። መገጣጠሚያው የሚያመው ሰው ግን ያለ ስጋት ቀለል አድርጎ ማብዛት ይችላል፤ ጡንቻው አይቀርበትም።

ቀላሉና ከባዱ እኩል የሚሆኑት ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ እርሱም ጥረት ነው። ሃያ ጊዜ ሊያነሳው የሚችለውን ክብደት አሥር ጊዜ አንስቶ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ትልልቆቹ ክሮች ሳይጠሩ ዙሩን ዘጋው ማለት ነው። በሌላ በኩል ብረቱ ፈጽሞ አልነሳም እስኪል መግፋት ግዴታ አለመሆኑን የቅርብ ጊዜ ጥናቶች አሳይተዋል። ልምድ ያላቸው ሰዎች በአንድ እግራቸው አቅም እስኪያልቅ፣ በሌላኛው ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ድግግሞሽ ሲቀራቸው እያቆሙ ለስምንት ሳምንት በሠሩበት ጥናት የሁለቱ እግሮች ጡንቻ በተመሳሳይ መጠን አድጓል። ስለዚህ ጥሩው ምክር ከአንድ እስከ ሦስት ድግግሞሽ ሲቀር ማቆም ነው። የዚህ ምክር ደካማ ጎን ሰው የቀረውን አቅም በትክክል አለመገመቱ ነው፤ በተለይ ጀማሪ “ሁለት ቀርቶኛል” ሲል አምስት ወይም ስድስት ቀርቶት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ፣ አደጋ በሌለበት እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ በእግር ማሽን ወይም በዳምቤል የክንድ ሥራ፣ አልፎ አልፎ የመጨረሻውን ዙር እስከ ጥግ ወስዶ አቅምን መፈተሽ ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው ይህን ፈተና ባርቤል ደረቱ ላይ አድርጎ ሊሞክረው አይገባም።

ቀጣዩና ብዙ ጭቅጭቅ ያለበት ጉዳይ የዙር ብዛት ነው። በ2017 ሾንፌልድ፣ ዳን ኦግቦርንና ጄምስ ክሪገር 15 ጥናቶችን ሲመዝኑ፣ ለአንድ ጡንቻ በሳምንት ከ5 ዙር በታች የሠሩት በአማካይ 5.4 በመቶ፣ ከ5 እስከ 9 የሠሩት 6.6 በመቶ፣ 10ና ከዚያ በላይ የሠሩት 9.8 በመቶ የጡንቻ እድገት አግኝተዋል። ይህን ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ዓይነት ያነበዋል። አንዱ “ብዙ በሠራህ ቁጥር ብዙ ታገኛለህ” ይላል፤ ልክ ነው። ሌላው ግን ከ5 ዙር በታች የሠራው ሰው አሥርና ከዚያ በላይ የሠራው ካገኘው ከግማሽ የሚበልጠውን ማግኘቱን ያስተውላል፤ ይህም ልክ ነው። የተጠማ ሰው የመጀመሪያው ብርጭቆ ውሃ የሚያደርግለትን አምስተኛው አያደርግለትም፤ ዙርም እንደዚሁ ነው። ሾንፌልድ በ2019 ባወጣው ሌላ ጥናት ልምድ ያላቸው 34 ወንዶች በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለየእንቅስቃሴው አንድ፣ ሦስት ወይም አምስት ዙር እየሠሩ ስምንት ሳምንት ቆዩ። የአንድ ዙሩ ቡድን በቀን 13 ደቂቃ ገደማ፣ የአምስት ዙሩ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ጂም ውስጥ ያሳልፍ ነበር። በጉልበት ሦስቱም አልተለያዩም፤ በጡንቻ መጠን ግን ብዙ የሠሩት በልጠዋል። ከኔዘርላንድስ የተሰበሰበና በ2022 የታተመ ሰፊ መረጃ ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 20 ደቂቃ ላልሞላ ጊዜ የሚሠሩ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ተራ ሰዎችን ተከታትሏል። በመጀመሪያው ዓመት ጉልበታቸው ከ30 እስከ 50 በመቶ ጨምሯል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጭማሪው በጣም አዝግሟል። ይህ የሚለካው ጉልበትን እንጂ የጡንቻን መጠን አይደለም፤ ቢሆንም ትንሹ መጠን ባዶ አለመሆኑን፣ ትንሹም ጣሪያ እንዳለው አብሮ ያሳያል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር፣ በ4 ወይም 5 ዙር መጀመር፣ ወደ 10 ማደግ፣ ጊዜና ፍላጎት ያለው ሰው እስከ 20 ቢሄድ ትርፉ እያነሰ እንደሚሄድ እያወቀ እንዲገባበት መንገር ነው። ቤንች ፕሬስ የሚሠራ ሰው የኋላ ክንዱን፣ ወደ ኋላ የሚስብ ሰው የፊት ክንዱን አብሮ እያሠራ መሆኑም መቆጠር አለበት።

ጡንቻን በሳምንት ስንት ቀን መከፋፈል፣ የትኛውን እንቅስቃሴ መምረጥ፣ በማሽን ወይስ በባርቤል መሥራት የሚሉት ጥያቄዎች ከሚሰጣቸው ጊዜ ያነሰ ክብደት አላቸው። የሳምንቱ ዙር እኩል እስከሆነ ድረስ በአንድ ቀን መጨረሱና በሦስት ቀን መከፋፈሉ በጡንቻ እድገት ላይ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ በሁለት ወይም በሦስት ቀን መከፋፈል የሚመረጠው የመጨረሻዎቹ ዙሮች በድካም እንዳይበላሹና አንድ ቀን ቢቀር ሳምንቱ ሙሉ እንዳይቀር ነው። ይልቅ ብዙዎች የሚበድሉት እረፍትን ነው። በ2016 በታተመ ጥናት በዙሮች መካከል ሦስት ደቂቃ ያረፉ ልምድ ያላቸው ወንዶች አንድ ደቂቃ ብቻ ካረፉት በጉልበትም በጭን ጡንቻም በልጠዋል። ላብና ማለክለክ ስለበዛ ሥራው በረታ ማለት አይደለም፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ትንፋሽ መሰብሰብ ስንፍና ሊባል አይገባውም። የማግስት ሕመምም እንደዚሁ አሳሳች ምልክት ነው። በብራዚል ሳኦ ፓውሎ ፌሊፔ ዳማስና ባልደረቦቹ በ2016 እንዳሳዩት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሰውነት የሚገነባው ፕሮቲን በአብዛኛው የተጎዳውን ለመጠገን ይውላል፤ ከጡንቻ እድገት ጋር መገናኘት የሚጀምረው ጉዳቱ ከቀነሰ በኋላ ነው። ደረጃ መውረድ እስኪያቅተው የታመመ ጀማሪ ያን ያህል ተጨማሪ ጡንቻ አላገኘም፤ ምናልባት ቀጣዩን ቀን ግን አጥቷል።

ያለ ጭማሪ ግን ይህ ሁሉ ይቆማል። ጡንቻ የሚያድገው ላልለመደው ጫና መልስ ሲሰጥ ነውና፣ ባለፈው ዓመት ያነሳውን ክብደት ዘንድሮም በዚያው ድግግሞሽ የሚያነሳ ሰው ያለውን ይጠብቃል እንጂ አይጨምርም። የጭማሪው ዘዴ ቀላል ነው። በ40 ኪሎ ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ ባለው ክልል የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ ክብደቱን ሳይነካ ድግግሞሹን ያሳድጋል፤ በሁሉም ዙሮች 12 ሲደርስ 2.5 ኪሎ ይጨምርና እንደገና ወደ 8 አካባቢ ይመለሳል። ትንንሽ ዲስክ በሌለበት ጂም፣ ወይም ከ10 ኪሎ ዳምቤል ቀጥሎ ያለው 15 በሆነበት ቦታ፣ ድግግሞሹን እስከ 20 ገፍቶ መሄድም ያስኬዳል። በ2022 የታተመ ጥናት ክብደት እየጨመሩ የሄዱትንና ድግግሞሽ ብቻ እየጨመሩ የሄዱትን ለስምንት ሳምንት አነጻጽሮ የጡንቻ እድገታቸው ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ደብተርና እስክሪብቶ ወይም ስልክ ነው። የሠራውን የማይጽፍ ሰው እያደገ መሆኑን በስሜት ይገምታል፤ ስሜት ደግሞ በደከመ ቀን ያሳንሳል፣ በበረታ ቀን ያጋንናል።

ከምግብ ወገን በጣም የተጋነነው ፕሮቲን ነው፤ ይህን ስል አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በ2018 ሮበርት ሞርተንና ባልደረቦቹ 49 ጥናቶችንና 1,863 ሰዎችን አንድ ላይ መዝነው፣ ተጨማሪ ፕሮቲን መውሰድ በአማካይ ያመጣው ከስብ ነጻ የሆነ ክብደት 0.3 ኪሎ ያህል መሆኑን፣ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ከተደረሰ በኋላም ተጨማሪው ጥቅም እንደሚቆም አስልተዋል። ለ70 ኪሎ ሰው 112 ግራም ማለት ነው። ግምቱ ሰፊ ክልል አለው፤ ዝቅተኛው ጫፍ ለኪሎ 1 ግራም አካባቢ ነው። ይህ ዝርዝር የዓመቱን ግማሽ ያህል ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ለሚጾም ኦርቶዶክሳዊ ትልቅ ትርጉም አለው። ከሳኦ ፓውሎ የወጣ የ2021 ጥናት የእንስሳት ተዋጽኦ ፈጽሞ የማይበሉ ወጣቶችንና ሁሉን የሚበሉትን፣ ሁለቱም ለኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኙ አድርጎ ለ12 ሳምንት ሲያነጻጽር በጡንቻ እድገት አልተለያዩም። በጥናቱ የጎደለውን የሞላው የአኩሪ አተር ፕሮቲን ዱቄት ነበር። የኛ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ ደረቁ 100 ግራም ውስጥ ከ20 እስከ 26 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይይዛል፤ ስለዚህ ወፈር ያለ ሽሮ፣ የምስር ወጥ፣ የተቀቀለ ባቄላና ሽምብራ ከጤፍ እንጀራ ጋር ከ1 ግራሙ ወለል በላይ ሊያደርሱ ይችላሉ፤ ወደ 1.6 ለመድረስ ግን ሆን ብሎ ማሰብና የአኩሪ አተር ምርት መጨመር ያስፈልጋል። በጾም ሰዓት የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ የፕሮቲኑ ዓይነት ሳይሆን የጠቅላላው ምግብ ማነስ ነው። በረመዳን ለሚጾመውም ስፖርቱን ከኢፍጣር በኋላ ማዛወሩ የውሃውንም የምግቡንም ችግር ያቃልላል።

የጾሙ ጥያቄ ወደ ሌላ ሰፊ ጉዳይ ይወስዳል፤ እርሱም መቋረጥ ነው። ብዙ ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ፈተና ሲደርስ ወይም ሥራ ሲበዛ ጂሙን ጨርሶ ይተዋል፤ ከዚያም “ሁሉም ጠፋ” ብሎ ሳይመለስ ይቀራል። ማስረጃው ከዚህ ተስፋ መቁረጥ ጋር አይስማማም። በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ለ16 ሳምንት በደንብ የሠሩ ወጣቶች ከዚያ በኋላ ለ32 ሳምንት የቀድሞውን አንድ ዘጠነኛ ብቻ እየሠሩ ያገኙትን ጡንቻ መጠበቃቸውን አሳይቷል፤ በዕድሜ የገፉት ግን ከዚያ በላይ ያስፈልጋቸው ነበር። በፊንላንድ ዩቫስኪላ ዩኒቨርሲቲ በ2024 የወጣው ጥናት ደግሞ 20 ሳምንት ያለማቋረጥ የሠሩትን፣ መሐል ላይ አሥር ሳምንት ሙሉ አቁመው ከተመለሱት ጋር ሲያነጻጽር በመጨረሻ ተቀራራቢ ቦታ ላይ አግኝቷቸዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከዚያ እረፍት ያነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ለሚጾም ሰው የሚሰጠው ተገቢ ምክር ዙሩን ወደ ሲሶ ቀንሶ፣ ክብደቱን ሳያወርድ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን መቀጠል ነው፤ ካልቻለም አቁሞ ከፋሲካ በኋላ ያለ ጸጸት መመለስ። ስለ ማሟያዎች ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ክሪያቲን በብዙ ጥናት የተደገፈ ሲሆን የፕሮቲን ዱቄት ደግሞ ከምግብ ያልተገኘውን መሙያ እንጂ ሌላ ምትሃት የለውም።

ከተቃውሞዎቹ የሚበረታው “ሻምፒዮኖቹ እንዲህ አይሠሩም” የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች በሳምንት አምስትና ስድስት ቀን፣ በብዙ ዙር ይሠራሉ። ግን ከእነርሱ መማር የሚቻለው ሁለት ነገር ከተቀነሰ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ተፈጥሮ ነው። በ2005 የታተመ ጥናት 585 ወንዶችና ሴቶች ለ12 ሳምንት አንድ ዓይነት የክንድ ስፖርት ቢሠሩም፣ የጡንቻቸው ለውጥ በአንዱ ጫፍ 2 በመቶ መቀነስ፣ በሌላው ጫፍ 59 በመቶ መጨመር ነበር። ውድድር መድረክ ላይ የምናያቸው በአብዛኛው ከሁለተኛው ጫፍ የተለቀሙ ናቸው። ሁለተኛው መድኃኒት ነው። በ1996 ሻሌንደር ባሲንና ባልደረቦቹ 43 ጤነኛ ወንዶችን በአራት ቡድን ከፍለው ለአሥር ሳምንት ተከታተሉ። በየሳምንቱ 600 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን የተወጉትና ምንም ብረት ያላነሱት፣ ከስብ ነጻ የሆነ ክብደታቸው ከ3 ኪሎ በላይ ጨመረ፤ ያለ መድኃኒት በትጋት የሠሩት የጨመሩት 2 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለቱን ያጣመሩት 6 ኪሎ ያህል ጨመሩ። ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው የሚሰጠው ምክር ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ግን የትኛው ልማዱ እንደሠራለት እርሱም ማወቅ አይችልም። ሐኪም ሳያዘውና ሳይከታተለው ይህን መድኃኒት መውሰድ የራስን የሆርሞን ምርት እንደሚያዳፍን፣ መውለድን እንደሚያስቸግርና ልብን እንደሚጎዳ የታወቀ ነውና፣ ለተራው ሰው የሚሰጥ ምክር ይህን ሳይሸፋፍን መናገር አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተማሩ ሰዎች የሚመጣ ነው፤ ጥናቶቹ አጭር፣ ተሳታፊዎቹ ጥቂት፣ አብዛኞቹም የዩኒቨርሲቲ ወንዶች ናቸው ይላል። ትክክል ነው፤ ስምንት ሳምንት የጡንቻን የዓመታት ጉዞ አያሳይም። ነገር ግን ይህ ድክመት የሚጎዳው የትኛውን ወገን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ዋና ዋናዎቹ ድምዳሜዎች ከወጣት ወንዶች ውጭም ቆመዋል። ማሪያ ፊያታሮኔ በ1990 በቦስተን ያሳተመችው ጥናት ዕድሜያቸው 90 አካባቢ የሆኑ አቅመ ደካሞችን ለስምንት ሳምንት ብረት አስነስቶ፣ ጉልበታቸው በአማካይ 174 በመቶ፣ የጭናቸው ጡንቻ ደግሞ 9 በመቶ መጨመሩን መዝግቧል። ሴቶችም ከጀመሩበት መጠን አንጻር ሲለካ ከወንዶች ጋር የሚቀራረብ እድገት ያገኛሉ። የጥናቶቹ ማጠር የሚያናጋው ጥቃቅኑን ክርክር ነው፤ የትኛው የእጅ አያያዝ ይሻላል፣ ዙሩ 14 ይሁን 18፣ ብረቱ በስንት ሰከንድ ይውረድ የሚለውን። እነዚህ ልዩነቶች ቢኖሩም እንኳ በአልትራሳውንድ በሚሊሜትር የሚለኩ፣ በመስታወት የማይታዩ ናቸው። ማስረጃው ጠንካራ የሆነው ምክሩ አጭር በሆነበት ቦታ ነው፤ ምክሩ ሲረዝም ማስረጃው ይሳሳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ አጭር ምክር ሰነፍ ያደርጋል፤ የተሻለ ውጤት እያለ ለምን በትንሹ ይበቃል እንላለን የሚል ነው። እዚህ ላይ አጭርና ቀላል መለየት አለባቸው። ሁለት ድግግሞሽ እስኪቀር የተሠራ አንድ ዙር ስኳት ለመናገር አጭር ነው፤ ለመሥራት ግን ከባድ ነው። በስልክ እየተጨዋወቱ ከሚሠሩት ሃያ ዙር ይልቅ እንዲህ ያሉት ስድስቱ ይበልጣሉ። ከዚያም በላይ፣ የተራ ሰው ትልቁ ኪሳራ በአሥርና በአሥራ አምስት ዙር መካከል ያለው ልዩነት አይደለም፤ ጨርሶ መተው ነው። በሳምንት ስድስት ቀን የሚጠይቅ ዕቅድ ለማታ ፈረቃ ሠራተኛ፣ ሕፃን ላለው ወላጅ ወይም ሪያድና ቤይሩት የሰው ቤት ውስጥ ተቀጥሮ የሳምንት እረፍቱ አንድ ቀን ብቻ ለሆነ ሰው፣ በወረቀት ላይ የተሻለ ቢሆንም በሕይወት ውስጥ ዜሮ ነው። ጤናን ብቻ ለሚሻውም የሚያስፈልገው መጠን አነስተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን እንዲያሠሩ ይመክራል፤ በ2022 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የመዘኑት መረጃ ደግሞ ዝቅተኛውን የሞት ስጋት ያገኘው በሳምንት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ገደማ ጡንቻ በሚያሠሩት ዘንድ ነው።

እነዚህን ሁሉ አጣምሮ ወደ ተግባር ማውረድ ከባድ አይደለም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አንድ የጉልበት ማጠፊያ ሥራ እንደ ስኳት ወይም የእግር ማሽን፣ አንድ ከወገብ የሚታጠፍ እንደ ዴድሊፍት፣ አንድ ወደ ፊት የሚገፋ እንደ ቤንች ፕሬስ፣ አንድ ወደ ራስ የሚስብ፣ አንድ ከትከሻ በላይ የሚገፋና አንድ ከላይ ወደ ታች የሚስብ፤ ለየአንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ ከ6 እስከ 15 ድግግሞሽ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል እረፍት። ከማሟሟቁ ጋር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ክንድ ወይም ባት እንዲጎላለት የሚፈልግ ሁለት ዙር ይጨምርለታል። ጂም የማይደርስ ሰውም ከምክሩ ውጭ አይደለም፤ በ2017 የጃፓን ተመራማሪዎች ፑሽ አፕን ቀለል ካለ ቤንች ፕሬስ ጋር ለስምንት ሳምንት አነጻጽረው የደረትና የኋላ ክንድ ጡንቻ እድገቱን ተመሳሳይ ሆኖ አግኝተውታል። ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩ ካልተንቀሳቀሰ፣ መጠየቅ ያለበት በቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ በቂ እበላለሁ፣ እተኛለሁ ወይ፤ ቀጥሎ ዙሮቼ በእርግጥ ወደ ጥግ ይቀርባሉ ወይ፤ ሁለቱም ከተሟሉ ብቻ ዙር መጨመር። የልብ ሕመም ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለበት፣ እየሠራም የሚወጋ ሕመም የሚሰማው ሰው ግን ከየትኛውም ዕቅድ በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርበታል።

ይህ ዳሰሳ ለአንባቢው ከዕቅዱ ይበልጥ የሚጠቅም መመዘኛ ትቶለት ማለፍ ይፈልጋል፤ ነገ አዲስ ምክር መስማቱ አይቀርምና። ምክሩ ዙሩን ይበልጥ ወደ አቅም ጥግ ያቀርበዋል? በሳምንት የሚሠራውን በቂ ዙር ያሟላል? ጭማሪውን ያስቀጥላል? በሚቀጥለው ዓመት ይኸን ጊዜም እየበላና እየሠራ እንዲገኝ ያግዘዋል? ከእነዚህ አንዱን የሚያሻሽል ከሆነ ሊሞክረው ይገባል። አንዱንም የማይነካ ከሆነ የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ደስ ካለው ይውሰደው። አንዱንም ሳይነካ ገንዘብ የሚያስከፍል ከሆነ ግን ያ ገንዘብ ለምስርና ለእንቁላል ቢውል ጡንቻው ይበልጥ ያተርፋል።